የምንመዝነው ዕቃውን ነው ወይስ አቅራቢውን?

እኛ በሞያሌ በኩል የምንነግድ ሰዎች አቅራቢን የምንመዝነው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ጭነት ነው። ጭነቱ ካማረ «ታማኝ ነው» እንላለን፤ ከተበላሸ ደግሞ «ሌባ ነው»። ልማዱ የቆየ ነው።

ድሮ ገዢ በዓይኑና በእጁ ነበር የሚመረምረው። ከአፋር የሚመጣ አሞሌ ጨው ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። የማሪያ ቴሬዛን ብር የሚቀበልም የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች አጣርቶ ያይ ነበር። የሻጩ የትናንት ሥራ ግን በአብዛኛው በወሬ ነበር የሚታወቀው።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ቡናችን አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘችና ቁጥጥሯን አጠበቀች። ጥርጣሬው በጆንያው ላይ ቢወድቅም፣ ጉዳቱ ንጹሕ ቡና ላቀረበውም ተረፈ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ጀመረ። ምዘናው በነጥብ ሆነ፤ ጥሬ ፍሬው ከመቶ 40፣ ቅምሻው 60። አቅራቢዎችም ገንዘባቸውን ቶሎ ማግኘት ቻሉ። ነገር ግን የአንድ አካባቢና ደረጃ ቡና አንድ ላይ ስለሚቀላቀል፣ ገዢው ደረጃውን እንጂ የአቅራቢውን ስም አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና አዋጅ ነው አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገናኙበትን መንገድ ያሰፋው።

እኛም በራሳችን ላይ ደርሶ ነው የተማርነው። አራት ዓመት ሳያጓድል ቦሎቄ ያቀረበልንን ሰው፣ አንድ ጭነት ረጥቦ ስለመጣ ተውነው። በእሱ ምትክ የያዝነው በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሚዛን አጎደለብን። በኋላ ስንጠይቅ፣ ያ ቦሎቄ የረጠበው መኪናው ሸራ ሳይለብስ ድንበር ላይ ዝናብ ሲመታው ስላደረ ነበር። መኪናውን የተከራየነው ደግሞ እኛው ነን።

አሁን ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ገጽ አለን። የተቀጠረበትን ቀንና የደረሰበትን ቀን፣ ሚዛኑን፣ ጥራቱን፣ ስህተት ሲፈጠር ምን እንዳደረገ እንጽፋለን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ የእኛም ቢሆን፣ ይጻፋል። በየሦስት ወሩ ገጹን ለራሱ ለአቅራቢው እናሳየዋለን፤ የሚከራከርበት ካለ ይከራከር። የምንወስነውም አንዳችን በተናደድንበት ቀን ሳይሆን አብረን ቁጭ ብለን ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ። ለዚያ ሰው ደውለን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ይቅርታችንን ተቀበለ፤ ቦሎቄውን ግን ለሌላ ገዢ ነው የሚያቀርበው።