ከልደታ ችሎት እስከ ሊቢያ መጋዘኖች፡ የሰው አጋቾችን ወንጀል በመጽሐፍ ያጋለጠችው ጋዜጠኛ

ኮልፌ ቀራንዮን በሚያዋስነው የልደታ ክፍለ ከተማ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ይገኛል። ስደተኞችን በሊቢያ በማገትና በማሰቃየት የሚታወቁ ሁለት ኤርትራውያን ጉዳያቸው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የታየው በዚሁ ከተማ ነው። አንደኛው ኪዳነ ዘካሪያስ ሃብተማርያም ሲኾን ሁለተኛው "ወሊድ" በሚል ቅጽል ስም የሚጠራው ተወልደ ጎይቶም ነው። የፍርድ ሂደቱን አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከዘገቡት ጥቂት የውጭ ጋዜጠኞች መካከል አየርላንዳዊቷ ሳሊ ሄይደን ትገኝበታለች።

የሄይደን ምርመራ መነሻ ነሐሴ 2010 ዓ.ም የደረሳት የፌስቡክ መልእክት ነው። ላኪው ትሪፖሊ ውስጥ በማቆያ የተዘጋበት ኤርትራዊ ስደተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች እስረኞችም ሸሽገው በያዟቸው ስልኮች የሚደርስባቸውን ይነግሯት ጀመር። ጋዜጠኛዋ የሰበሰበችውን ምስክርነት "በአራተኛው ሙከራዬ ሰጠምን" የሚል ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመችው። መጽሐፉ በ2014 ዓ.ም ወጥቶ በዚያው ዓመት የኦርዌል የፖለቲካ ጽሑፍ ሽልማትን አገኘ።

የአጋቾቹ አሠራር ለገጠሩም ለከተማውም ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ደላላው በመነሻው ጥቂት ገንዘብ ወይም ምንም ሳይጠይቅ ወጣቱን መንገድ ያስጀምረዋል። ወጣቱ ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ሲገባ በተለይም በበኒ ወሊድ በሚገኙ መጋዘኖች ይታገታል። እየተደበደበም ለቤተሰቡ እንዲደውል ይደረጋል። ወላጆች የእርሻ በሬያቸውን ይሸጣሉ፤ ዘመድ አዝማድ ያዋጣል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም ታጋቹ ለሌላ አጋች ሊሸጥ ይችላል።

ኪዳነ የተያዘው የካቲት 2012 ዓ.ም ሲኾን ምክንያቱም ከቀድሞ ታጋቾቹ አንዱ አዲስ አበባ መንገድ ላይ አይቶት ለፖሊስ በመጠቆሙ ነው። ተወልደም ብዙ ሳይቆይ በቁጥጥር ሥር ዋለ። ይሁን እንጂ ከአንድ ዓመት በኋላ ኪዳነ ለችሎት በቀረበበት አጋጣሚ አመለጠ። ሄይደንም ማምለጡን ለዓለም ከዘገቡት አንዷ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ኪዳነን በሌለበት በዕድሜ ልክ እስራት፣ ተወልደን ደግሞ በ18 ዓመት እስራት ቀጣ። ተወልደ በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ኪዳነም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሱዳን ውስጥ ተያዘ።

ይህ ታሪክ የተደራጀ ወንጀልን የሚመረምር ጋዜጠኛ ሥራ በተጎጂዎች ቃል ላይ የቆመ መኾኑን ያሳያል። ወንጀሉ ድንበር ስለሚሻገር ተጎጂው በአንድ ሀገር፣ አጋቹ በሌላ፣ ገንዘቡም በሦስተኛ ሀገር ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አጋቹ የደወለበት ስልክ ቁጥር፣ ገንዘብ የገባበት የሒሳብ ቁጥርና የባንክ ደረሰኝ ዋጋቸው ትልቅ ነው። ልጁ የታገተበት ቤተሰብ እነዚህን ሳይጥል አስቀምጦ ለፖሊስ ቢያቀርብ፣ የአንድ ቤት ኀዘን ኾኖ ሊቀር የነበረው ጉዳይ ችሎት ፊት የሚቆም ማስረጃ ይኾናል።