ዓሣን የማደንዘዝ አጭር ታሪክ

በዓሣ እርባታ ጣቢያዎች ዓሣን ለመመዘን፣ ለመከተብ ወይም ለማጓጓዝ ማደንዘዝ የተለመደ ተግባር ነው። የዚህ አሠራር ታሪክ ከሰው የሰመመን ሕክምና ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1846 የኤተር ሰመመን በቦስተን በይፋ ከታየ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1847 ባሳተመው ሥራው የሰመመኑን ጥልቀት የሚወስነው በሚተነፈሰው አየር ውስጥ ያለው የኤተር ተን መጠን መሆኑን አስረዳ። ይህ መርሕ ለዓሣም ይሠራል። መድኃኒቱ በውኃ ይሟሟል፤ በስንጥብ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ዓሣው ወደ ንጹሕ ውኃ ሲመለስም በዚያው መንገድ ይወጣል።

መድኃኒቱ ራሱ የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። ካርል ኮለር በ1884 ኮኬይንን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ካስተዋወቀ በኋላ፣ መርዛማነቱ ያነሰ ምትክ ፍለጋ ቤንዞኬይንንና ፕሮኬይንን አስገኘ። በዓሣ እርባታ የታወቀው ኤም ኤስ 222 የቤንዞኬይን የቅርብ ዘመድ ሲሆን በውኃ በቀላሉ ይሟሟል። በሰው ላይ የአንድን ቦታ ስሜት ብቻ የሚያደነዝዝ የመድኃኒት ቤተሰብ፣ በስንጥብ ሲገባ መላ አካልን የሚያደነዝዝ ሆነ። ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመርበታል።

ለሰው በኪሎ ግራም የሚሰላው የመርፌ መድኃኒት ልማድ እዚህ አያገለግልም፤ መጠኑ የሚለካው በሊትር ውኃ በሚሊ ግራም ነው። ሆኖም የዓሣው ግዝፈት ቸል አይባልም። ትንሹ ዓሣ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስንጥብና ፈጣን የሰውነት እንቅስቃሴ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይደነዝዛል፤ ትልቁ እስኪደነዝዝ በዚያው ውኃ ከቆየ ሊሞት ይችላል። ይህ ልዩነት ግን እንደ ዝርያውና እንደ ውኃው ሙቀት ይለያያል። በመሆኑም ዓሦቹን በመጠን መለየትና በጥቂቶቹ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይገባል። ማክፋርላንድ በ1959 የዓሣን ሰመመን ደረጃዎች ሲዘረዝር፣ ጌደል ለሰው እንዳደረገው ሁሉ፣ ሚዛን መሳትንና አተነፋፈስን መለኪያ አድርጓል።

በአገራችን ለጥርስ ሕመም የሚያዘው ቅርንፉድም በዘይቱ ውስጥ ባለው ዩጂኖል ምክንያት ለዚሁ ተግባር ውሏል። ተፈጥሯዊ መሆኑ ግን ለምግብነት በሚቀርብ ዓሣ ላይ ያለ ፈቃድ እንዲሰጥ አያበቃውም። በአሜሪካ በኤም ኤስ 222 የደነዘዘ ዓሣ ለምግብ ከመቅረቡ በፊት 21 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ የማደንዘዣው ጉዳይ በዓሣው መንቃት አያበቃም፤ እስከ ተመጋቢው ማዕድ ይዘልቃል።