በሶፍትዌር ሰነድ የምርምር ምንጭ አለመጥቀስ

በሶፍትዌር ሰነድ የምርምር ምንጭ አለመጥቀስ ማለት አንድ ፕሮግራም የተመሠረተበትን ጥናት፣ አልጎሪዝም ወይም የቋንቋ መረጃ ከፕሮግራሙ ጋር በሚወጣው መመሪያ ላይ ሳይገልጹ መተው ነው። የጥናቱ ዐረፍተ ነገሮች ወይም ሠንጠረዦች እንደ ራስ ሥራ ተገልብጠው ከቀረቡ ደግሞ ድርጊቱ የጽሑፍ ስርቆት ወይም ፕላጃሪዝም ይባላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከተንኮል ሳይሆን ከልማድ የሚመጣ ነው፤ መመሪያ የሚጻፈው ለተጠቃሚ እንጂ ለተመራማሪ አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ።

የአዊኛ ምሳሌ

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚነገረው አዊኛ ጉዳቱን በግልጽ ያሳያል። ሮበርት ሄትስሮን የቋንቋውን የግስ ሥርዓት የመረመረበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። እሱም ሆነ ፍራንክ ፓልመር በቋንቋው ውስጥ ቃላትን የሚለዩ ሦስት የድምፅ ከፍታዎች እንዳሉ ገልጸዋል፤ እነሱም ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ናቸው። ከሄትስሮን መጽሐፍ 40 ዓመት ገደማ በኋላ ግን አንድሬያስ ዮስዊግ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ፣ ዝቅተኛው የመካከለኛው ሌላ መልክ ብቻ ስለሆነ ከፍታዎቹ ሁለት ናቸው ሲል ተከራከረ።

አንድ ሰው የአዊኛ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቶ፣ በመመሪያው ላይ «ቋንቋው ሦስት የድምፅ ከፍታ አለው» ብቻ ብሎ ቢያልፍ፣ አንባቢው ነገሩን ያለቀለት ሐቅ አድርጎ ይወስደዋል። የሄትስሮን ስም ቢጠቀስ ኖሮ፣ የእንጅባራ ተማሪ ሁለቱን ጥናቶች አስተያይቶና የተናጋሪዎችን ንግግር አዳምጦ ፕሮግራሙ የት ላይ እንደሚሳሳት መለየት ይችል ነበር። እዚህ ላይ የሚጎዳው የተመራማሪው ክብር ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው የመጠየቅ ዕድልም ነው።

በአማርኛ

በአማርኛም ተመሳሳይ ችግር ይነሳል። ከዋልታ የመረጃ ማዕከል የተወሰዱ 1,065 ዜናዎች፣ 210,000 ገደማ ቃላት ያሏቸው፣ እያንዳንዱ ቃል ስም፣ ግስ ወይም ሌላ የቃል ክፍል መሆኑ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ባለሙያዎች በእጅ ተለይቶላቸዋል። ሥራውን ግርማ አውግቸው ደመቀና መስፍን ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጽሑፍ አብራርተውታል። በምልክቶቹ ላይ ስሕተትና አለመጣጣም ስለተገኘ፣ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች መረጃውን በየራሳቸው መንገድ አርመው ተጠቅመውበታል። ስለዚህ የቱ እርማት ጥቅም ላይ እንደዋለ የማይናገር ሰነድ የሚሰጠው የትክክለኛነት መቶኛ ከሌላ ፕሮግራም ውጤት ጋር ሊወዳደር አይችልም።

በጎ ምሳሌም አለ። ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ ንግግር ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡትን 20 ሰዓት ገደማ ንግግር ይዟል። ስብስቡ በነጻ ሲለቀቅ፣ አብሮት የወጣው ማብራሪያ ተጠቃሚዎች ጽሑፉን እንዲጠቅሱ ይጠይቃል።

ሕጉና ልማዱ

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥራል። ከታተመ ሥራ ላይ ጥቅስ የሚወስድም ምንጩንና የደራሲውን ስም እንዲገልጽ ያዛል። ሐሳብ፣ ዘዴና ቀመር ግን በአዋጁ አይጠበቁም። በመሆኑም ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን የአማርኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው የመመለስ ዘዴ አንብቦ በራሱ ኮድ የሚጽፍ ሰው የቅጂ መብት አይጥስም፤ ስማቸውን ካላነሳ የሚጥሰው የምሁራንን ሥነ ምግባር ነው። የኮድ ፈቃድም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ የቅጂ መብት መግለጫው እንዳይነሳ ያዛል እንጂ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

አጠቃቀሱ

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ራሱ እንዴት እንደሚጠቀስ የሚነግር ትእዛዝ አለው። ጊትሃብም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኮድ ጋር የሚቀመጥ የማጣቀሻ ፋይልን አንብቦ ለተጠቃሚው ያሳያል። ለአገር ውስጥ ቋንቋዎች ግን ከዚህ ቀለል ያለ ነገርም ይበቃል። ብዙው ምርምር የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ሆኖ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስለሚቀር፣ የጸሐፊው ስም፣ ርእሱ፣ ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና የተወሰደው ክፍል በመመሪያው ውስጥ በሁለት መስመር ቢሰፍሩ ፈላጊው ጽሑፉን ሄዶ ያገኘዋል።