ያለ አንደኛ የተጀመረ ቆጠራ፦ የሞባይል አውታር ትውልዶች ከራቤል ሲታዩ



ግሼ ውስጥ፣ ራቤል ባደግሁበት ቤት፣ እናቴ ዛሬም ባለ ቁልፍ ስልክ ትይዛለች። ባለፈው ክረምት የእኔ ስማርት ስልክ አንድ ገጽ መክፈት አቅቶት ሲሽከረከር የእርሷ ጠራ። አነጋግራ ስትጨርስ «የአንተው ትልቁ ምን ሆነ?» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

መንዝ ትውልድ መቁጠር ያውቃል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የጓሳ ሣር የሚታጨደው ከአቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ እየተቆጠረ ነበር፤ ቆጠራው መብት ነበር። የሞባይል ትውልድ ቆጠራ ግን ወደ ኋላ የተሠራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ቶኪዮ ላይ የተከፈተው የአናሎግ አውታር «አንደኛ» የተባለው ሁለተኛው ከመጣ በኋላ ነው። በአገራችን ደግሞ አንደኛው ጨርሶ አልነበረም፤ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በቀጥታ ሁለተኛው ትውልድ፣ ጂኤስኤም፣ ነበር።

ጂኤስኤም ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጦ አንዱን የሞገድ መስመር ለስምንት ተናጋሪዎች በየተራ ያከፋፍላል። ተራው በጥብቅ የጊዜ ልኬት ስለሚጠበቅ፣ በተለመደው አሠራር ምሰሶው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስልክ አያስተናግድም። ለእኛ አገር ግን ችግሩ ርቀቱ አይደለም፤ ገደሉ ነው። ምሰሶውን በዓይኑ እያየ የሚያወራ ሰው ቁልቁለቱን ጥቂት ሲወርድ ድምፁ ይቆረጣል። አጭር የጽሑፍ መልእክትም የዚሁ ትውልድ ስጦታ ነው። ሆኖም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ፤ ቴክኖሎጂው እያለ አገልግሎቱ አልነበረም።

ሦስተኛው ትውልድ በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር ከተፈረመው ስምምነት በኋላ መጣ። ተራ መጠበቅን አስቀርቶ ሁሉም በአንድ ሞገድ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ኮድ እንዲናገር አደረገ። ዋጋው ይህ ነው፦ ሰው ሲበዛ ምሰሶው የሚደርስበት ክልል ይጠባል። መሐንዲሶች «መተንፈስ» ይሉታል። በገበያ ቀን ዳር ያለው ሰው መረብ የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አራተኛው በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በእርሱ ሁሉም ነገር ዳታ ነው፤ ድምፅ የራሱ መንገድ የለውም። በዳታ የሚደወልበት አሠራር ካልተዘረጋ ስልኩ ለመነጋገር ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ ሁለተኛው አውታር ይወርዳል። ልጅ ለመናገር አባቱን ይጠራል እንደ ማለት ነው። ለእናቴ የምሰጣት መልስ እዚህ ላይ ነው፦ ትልቁ ስልክ ደካማ ዳታ ሲጠብቅ ትንሿ በአሮጌው መንገድ ትጠራለች። አምስተኛው በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሙከራ ተከፈተ፤ ፈጣን የሚያደርገው ከፍተኛ ሞገድ ሩቅ ስለማይሄድ ለራቤል ገና ወሬ ነው።

እናንተ በመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ ዘመን የምትከፍሉት በአዲስ አበባ የምረቃ ቀኖች ነው። እኔ አልስማማም። አውስትራሊያ ሁለተኛውን ትውልድ ዘግታ ሞገዱን ለአዲሶቹ ሰጥታለች፤ እዚያ ትውልድ ትውልድን ተካ ማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ ተደራረቡ እንጂ አልተተካኩም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር እንኳ ኮከብ 127 መሰላል ተብሎ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክ ይሠራል፤ አዲሱ ገንዘብ በአሮጌው አውታር ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ በእጅ ያለው ስልክ ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ትውልድ ልዩነት አላመጣም። እንግዲህ «ሁለተኛው ትውልድ ይዘጋ» የሚል ሐሳብ እዚህ ሲነሳ፣ የእናቴን ዓይነት ስልክ የያዙትን ማን ቆጠራቸው ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ ስልክ ልግዛልሽ ብዬ ነበር። «የእኔው ባትሪ ሳምንት ይቆያል፤ ያንተን መጀመሪያ አስጠግን» አለችኝ።