የፀሐይ ደጆችና የጸሓፊው ታማኝነት

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሥፍራ አትወጣም። በመጋቢትና በመስከረም በትክክለኛው ምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ትላለች። የጥንት ሰዎች ይህን ምልልስ በልዩ ልዩ ምሳሌ ገልጸውታል። ከእነዚህ አንዱ በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ ክፍል እንደ ተገለጸው በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ደጆች አሉ። ፀሐይ በመጀመሪያው ወር በአራተኛው ደጅ ትወጣለች፤ በየወሩም ወደ አምስተኛውና ወደ ስድስተኛው ታልፋለች። ከዚያ ተመልሳ እስከ አንደኛው ትወርዳለች፤ ዳግመኛም ወደ አራተኛው ታቀናለች። ዓመቱ 364 ቀን ነው። መዓልቱና ሌሊቱ በአንድነት በ18 ክፍል ይመደባል። መዓልቱ እጅግ በሚረዝምበት ጊዜ 12 ክፍል ለብርሃን፣ 6 ክፍል ለጨለማ ይሆናል። ይህም በሰዓት ሲሰላ 16 ለ8 ማለት ነው።

በጎንደር ሰማይ ሥር ተቀምጦ መጽሐፉን ይገለብጥ የነበረው ጸሓፊ የሚያየው ግን ሌላ ነበር። በዚያ አገር ረጅሙ መዓልት ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ስለምታልፍ፣ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በዓላቱ ይወጡበት የነበረው ባሕረ ሐሳብም ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ይለዋል፤ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ስለሆነ ትርፉ ሩብ ቀን ነው። እንዲህም ሆኖ 364ም ሆነ የእጥፍ ልኩ እንደ ተጻፈ ተላለፈ።

ታዲያ ይህ ልክ ከወዴት መጣ? ሙል አፒን በተባለው የባቢሎናውያን የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ረጅሙ መዓልት የአጭሩ ሌሊት እጥፍ ተደርጎ ተቀምጧል። በባቢሎን እንኳ እውነተኛው ልክ ወደ 3 ለ2 የቀረበ ነው፤ እጥፉ ለስሌት እንዲመች የተጠቀለለ ጥንታዊ ቁጥር ነበር። የሄኖክ የሥነ ፈለክ ክፍል በአራማይክ ቋንቋ ይነበብ እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1952 በቁምራን ዋሻ የተገኙት ቁርጥራጮች አረጋግጠዋል። ሙሉው መጽሐፍ ግን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1773 ነበር።

አንድ ሊቅ ቁጥሩን ከሚያየው ሰማይ ጋር ለማስማማት አርሞት ቢሆን ኖሮ፣ ጽሑፉ ለጎንደር የቀረበ በሆነ ነበር፤ ወደ ባቢሎን የሚመራው ፈለግ ግን በጠፋ ነበር። ጸሓፊዎቹ ለኑሮአቸው ባሕረ ሐሳብን፣ ለመጽሐፉ ደግሞ የተቀበሉትን ቃል ጠበቁ። ሁለቱን ሳያደባልቁ በየቦታቸው በማኖራቸው፣ ስሕተት የሚመስለው ቁጥር ዛሬ የታሪክ ምስክር ሆኖ ቆሟል።