ጠጅ በብርሌ፣ ቃልም በፊደሉ

አንድ ወዳጄ የእናቱን ሙት ዓመት ምክንያት በማድረግ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቹ የሚልከውን የእንግሊዝኛ ካርድ እንዳርምለት ሰጠኝ። ቃሉ መልካም ነበር። ፊደሉን ሳይ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ካርዱ የተጻፈው በልደት ጥሪና በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ በለመድነው፣ ኮሚክ ሳንስ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ነበር።

«ለሐዘን እንዲህ ያለ የልጅ ፊደል?» አልኩት።

«እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ክብ ክብ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ለይታ ነበር የምትጽፈው። እንግሊዝኛ ብትጽፍ ኖሮ እንዲህ የምትጽፍ ይመስለኛል» አለኝ።

አፈርኩ። ካርዱን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩና የዚህን የተናቀ ፊደል ታሪክ መመርመር ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቪንሰንት ኮናሬ የተባለ የማይክሮሶፍት ባልደረባ፣ ለጀማሪዎች የተሰናዳውን «ቦብ» የተሰኘ ፕሮግራም ገና በሙከራ ላይ ሳለ ያያል። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የካርቱን ውሻ ለተጠቃሚው ምክር ይሰጣል። ንግግሩ የተጻፈው ግን በታይምስ ኒው ሮማን ነበር። ይህ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1932 «ዘ ታይምስ» ለተባለው የለንደን ጋዜጣ የወጣ ኮስታራ ፊደል ነው። ውሻ እንደ ርዕሰ አንቀጽ ሲናገር ለኮናሬ አልዋጥለት አለ። ቢሮው የነበሩትን የ«ባትማን»ና የ«ዎችመን» የሥዕል ታሪኮች አገላብጦ፣ በእጅ የተጻፈ የሚመስል ፊደል በኮምፒውተር ሣለ።

መልኩን ልብ ብሎ ላየው፣ የመስመሩ ውፍረት ተቀራራቢ ነው፤ ጫፎቹ በማርከር እንደተጻፉ ድቡልቡል ናቸው። ቋሚዎቹ ጥቂት ዘመም ይላሉ፣ ፊደላቱ ግን አይያያዙም። ትንሿ «ኤ»ም ልጆች በደብተር እንደሚጽፏት ክብና እግር ብቻ ናት። አስተማሪዎች የወደዱት ያለ ነገር አይደለም።

ፊደሉ ከታይምስ ሰፋ ያለ በመሆኑ ለ«ቦብ» ሳይሆን ቀረ። በኋላ ግን ከዊንዶውስ 95 ተጨማሪ ጥቅል ጋር ወጥቶ በየኮምፒውተሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? የሱቅ ማስታወቂያው፣ ማስጠንቀቂያው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው ሳይቀር በእሱ ይጻፍ ጀመር። ሁለት አሜሪካውያን የግራፊክ ባለሙያዎች «ይታገድልን» የሚል ዘመቻ እስከ መክፈት ደረሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን የሂግስ ቦዞን ግኝት ሲበሰር፣ ፋቢዮላ ጃኖቲ የቡድናቸውን ውጤት ያቀረቡት በዚሁ ፊደል ነበር። ዓለም በግኝቱ ሲደነቅ በፊደሉ የሚሳለቅም አልጠፋም።

እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን አንባቢ ሆይ፣ ጥፋቱ የፊደሉ አይመስለኝም። ጠጅ ብርሌውን እንደሚሻ ሁሉ ቃልም ዕቃውን ይሻል። ኮናሬን ያስጨነቀው ጥያቄ «የሚናገረው ማን ነው?» የሚል ነበር። የሥራ ስንብት ደብዳቤ በዚህ ፊደል የደረሰው ሰው እንደተቀለደበት ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ምክንያቱም የሚናገረው ኮስታራ መሥሪያ ቤት እንጂ ወዳጅ አይደለም። ብዙዎቻችን ይህን ሳንጠይቅ፣ ደስ ስላለን ብቻ ፊደል እንመርጣለን።

ወዳጄ ግን ጠይቋል። በካርዱ ላይ የሚናገሩት እናቱ ነበሩ። አንድ የሆሄ ስሕተት ብቻ አርሜ መለስኩለት፤ የፊደሉን ቅርጽ አልነካሁትም።