የንግሥተ ሳባ ተከታታይ ሥዕል፦ ከአቡጀዲ እስከ ሐራጅ

የንግሥተ ሳባ ተከታታይ ሥዕል በአንድ ጨርቅ ላይ በመደዳ በተሰመሩ ሳጥኖች አንድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚተርክ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ የተስፋፋ የሥዕል ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ 44 ክፍሎች አሉት፤ በአንድ መደዳ 11 እየሆኑ በአራት መደዳ ይደረደራሉ። ልክ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ከየክፍሉ ጋር አጭር የአማርኛ መግለጫ ይጻፍበታል። በአሠራሩ ዛሬ ኮሚክ ከሚባለው ሥዕላዊ ትረካ ጋር ይቀራረባል። እንደ ኮሚክ ሥዕሎችም ሰብሳቢዎችን አፍርቷል፤ በሐራጅ የሚያወጣው ዋጋ ግን ከእነሱ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ሕዝቡን ይገዛ ከነበረው ዘንዶ፣ ከአርዌ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሰዎች ለዘንዶው ግብር ሲያቀርቡ ይታያል። ቀጥሎ አንጋቦ የተባለው ሰው ለፍየል መርዝ ያበላና ፍየሏን ለዘንዶው ይሰጣል፤ ዘንዶው ይሞታል፣ አንጋቦም ይነግሣል። ልጁ ማክዳ፣ ንግሥተ ሳባ፣ ከነጋዴው ከታምሪን ስለ ንጉሥ ሰሎሞን ጥበብ ትሰማና ወደ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች። ሠዓሊዎች በብዙ ፍቅር የሚያሳዩት የግብሩን ሌሊት ነው። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርባል፤ ንግሥቲቱ ያለ ፈቃዱ ከቤቱ ምንም ላትነካ ትምላለች፤ ሌሊት ግን ውኃ ጥም ይጠናባትና ወደ እንስራው እጇን ስትዘረጋ ንጉሡ ይይዛታል።  የኋለኞቹ ክፍሎች የልጃቸውን የምኒልክን መወለድ፣ አባቱን ፍለጋ መሄዱንና ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም መምጣቷን ይተርካሉ። የታሪኩ ዋና ምንጭ ክብረ ነገሥት ሲሆን የዘንዶው ክፍል ከአፈ ታሪክ የተጨመረ ነው።

በክፍል እየከፈሉ መተረክ በአዲስ አበባ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች የቅዱሳንን ገድል በመደዳ ሲያሳዩ ኖረዋል፤ የተአምረ ማርያም የብራና መጻሕፍትም አንድን ተአምር በበርካታ ትዕይንት ከፋፍለው ያቀርባሉ። ማንበብ የማይችለው ምእመን ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት ሲያልፍ ገድሉን በዓይኑ ይከተል ነበር። ጥሩ ሰው በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን መሣሉም ከዚሁ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ የመጣ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋ ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን ይታያል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይመለከታል።

ለውጡ የመጣው ዋና ከተማዋ ስትስፋፋ ነው። ሌጋሲዮኖች ተከፈቱ፣ ነጋዴዎች መጡ፣ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገባ። መንገደኛው ወደ አገሩ የሚወስደው ማስታወሻ ይፈልግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሙያ የተማሩ ሠዓሊዎች ከግድግዳው ወርደው ለገበያ መሣል ጀመሩ፤ ከእነዚህ መካከል በላቸው ይመር ስሙ በብዛት ይነሣል፤ ልጁ ሰሎሞን በላቸውም ሙያውን ቀጥሏል። ገዢዎቹ ከሁሉ ይልቅ የንግሥተ ሳባንና የዓድዋን ሥዕል ይወዱ ነበር።

አሠራሩ ከገበያው ጋር ይስማማ ነበር። ጨርቁ በቀላሉ የሚገኘው አቡጀዲ ነበር፤ ሙጫና ነጭ ቀለም ይቀባና ሲደርቅ ይለሰልሳል። ሳጥኖቹ ይሰመራሉ፣ ቅርጹ በጥቁር መስመር ይወጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሞላል። ተጠቅልሎ በሻንጣ ስለሚገባ እንደ ሰሌዳ ሥዕል አይከብድም።

ሥዕልን ከኢትዮጵያ መሰብሰብ ግን ሁልጊዜ በግዢ አልሆነም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የአምባውን ንብረት ዘረፈ፤ ሚያዝያ 13 እና 14 በደላንታ ሜዳ ሐራጅ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፈለ። ከዋናዎቹ ገዢዎች አንዱ ለብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረውን፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረ፤ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን ክሪስቲ ሐራጅ ከ400 ፓውንድ በላይ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን አንሥቶ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ቅጂዎች ለጠፈ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

በአገር ውስጥ ሥዕል የማሰባሰብ የተደራጀ ሥራ የተጀመረው በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆነው ሥዕሎችን ከገበያና ከግለሰቦች ገዝተው አኖሩ። ተራ የቱሪስት ዕቃ ተብሎ ይናቅ የነበረው የገበያ ሥዕል በእነሱ ጥረት ከጥንታዊ ሥዕል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀመጠ፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ኮሚክ በዓለም ገበያ የደረሰበትን ዋጋ ማየት የኢትዮጵያውን ሁኔታ ለመረዳት ይጠቅማል። የኮሚክ ዋና ሥዕል ለማተሚያ ቤት ተሥሎ ከታተመ በኋላ እንደማያስፈልግ ወረቀት ይጣል ወይም በመሳቢያ ይረሳ ነበር። ቤልጂካዊው ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1936 ለቲንቲን መጽሐፍ ሽፋን የሣለው ሥዕል በአሳታሚው ልጅ እጅ ተጣጥፎ ለብዙ ዘመን ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በፓሪስ ሐራጅ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ የሚታይበት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣ መጽሔት የተሣለ አንድ ገጽ 3.36 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ለዚህ ዋጋ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሚሊዮኖች ያነበቡት ሕትመት ነው፤ ሠዓሊው በእጁ የነካው ወረቀት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም ቀኑም ይታወቃል።

የንግሥተ ሳባ ሥዕል በተቃራኒው ሕትመት የለውም። እያንዳንዱ ጨርቅ በእጅ የተሠራ ዋና ሥዕል ነው፤ ታሪኩ ግን የሁሉም ስለሆነ የትኛውም የመጀመሪያው አይደለም። በሐራጅ ሲቀርብም ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ያልታወቀ ተብሎ ነው፤ እስካሁንም ከኮሚኮቹ ሚሊዮኖች ጋር የሚወዳደር ዋጋ አላገኘም። ሠዓሊው ስሙን አለመጻፉ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ሥዕሉን ያሣለው ሰው ስም ነበር። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስኑት ሌሎች ምልክቶች ናቸው፦ የጨርቁ ዕድሜ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የመስመሩ ጥራት፣ የጽሑፉ እጅ፣ መቼና ከማን እንደተገዛ የሚናገር ሰነድ። ለገበያ ሲባል በጭስና በቆሻሻ ያረጀ መስሎ የቀረበ አዲስ ሥዕልም ስላለ ሰነዱ ይበልጥ ይፈለጋል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል።

የስሙ ጉዳይ በቄስ አዳሙ ተስፋው ታሪክ በጥሩ ሁኔታ ይታያል። በጎጃም ተወልደው በቅስና ያገለገሉት እኚህ ሠዓሊ አዲስ አበባ ገብተው ለሱቆች ሲሥሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም የሕይወትና የሥራ ታሪካቸውን የያዘ ዐውደ ርእይ በስማቸው ሲከፈት፣ የገበያ ሠዓሊ የራሱ እጅ፣ ሐሳብና የሕይወት ታሪክ ያለው ጥበበኛ መሆኑ ታየ። የሥዕሉን ታሪክ የሚያሟላውም ይኸው ነው፦ ከጨርቁ ጋር የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመትና ቦታ አብረው መቀመጣቸው።